በጀት የሚቆርጥ መንግሥት ለባዕድ አገር እርዳታ መመደብ አለበትን?

አያት ጨፌ (ክሩን የከፈቱ)

ጥያቄውን ከተቀባዩ ሳይሆን ከሰጪው ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እንድትመልሱልኝ እፈልጋለሁ። በለንደን ወይም በዋሽንግተን የሕዝብ እንደራሴ ብትሆኑ፣ የመረጣችሁ ሰው የሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት እየተዘጋበትና የሐኪም ወረፋው እየረዘመበት፣ ለኢትዮጵያ ወይም ለማላዊ የሚላከው ገንዘብ እንዲቀጥል እጃችሁን ታወጡ ነበርን? እኛ ነገሩን ዘወትር የምናወራው እንደ ተቀባይ ስለሆነ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ወደ ምስጋና ወይም ወደ ቁጣ ያዘነብላል።

በ2017 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ ማግስት፣ ጥር 12 ቀን፣ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም ትእዛዝ ፈረሙ። መጋቢት 1 ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ማርኮ ሩቢዮ ከዩኤስኤአይዲ ፕሮግራሞች 83 በመቶው መሰረዛቸውን ተናገሩ፤ ሰኔ 24 ቀን ደግሞ በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ድርጅት እርዳታ ማስፈጸሙን አቆመ። በመካከሉ፣ የካቲት 18 ቀን፣ የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር የአገራቸው የእርዳታ በጀት ከጠቅላላ ብሔራዊ ገቢው 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ እስከ እ.ኤ.አ. 2027 ዝቅ እንዲል መወሰኑንና ገንዘቡ ለመከላከያ እንደሚውል አስታወቁ። ሁለቱም ቅነሳ ናቸው፤ አንዱ ግን በአንድ ፊርማ በዚያው ዕለት የወደቀ ሲሆን ሌላኛው የሁለት ዓመት ጊዜ የተሰጠው ነው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የኖርሁት በዕቅድና በጀት ሥራ ላይ ስለሆነ አቋሜም ከዚያው የመነጨ ነው። መንግሥት ሲቸግረው የውጭ እርዳታን መቀነሱ መብቱ ነው፤ ግብር የሚከፍለው ሕዝብ በአገሩ ድምፅ አለው፣ የእኛ ገበሬ እዚያ ድምፅ የለውም። መብት ሊሆን የማይገባው በሌላው አገር የበጀት ዓመት መካከል መቁረጥ ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተከፍቶ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ጥር ላይ አንድ ጽሕፈት ቤት መደበኛ በጀቱን አጋምሶ፣ የግዥ ዕቅዱን አስጸድቆ፣ የሠራተኛ መደቡን ሞልቶ የሚገኝበት ወር ነው። አንዱ ምንጭ በዚህ ጊዜ ድንገት ቢደርቅበት የሚቀረው መንገድ ከአንድ የሂሳብ መደብ ወደ ሌላው ዝውውር መጠየቅ ነው፤ ዝውውሩ ቢፈቀድለት እንኳ የሚሆነው ከመድኃኒት ቀንሶ ለደመወዝ፣ ከጥገና ቀንሶ ለመድኃኒት ማድረግ ነው። ይህንን ዋሽንግተን ያለ ሰው አያየውም፤ ማየት ግን ነበረበት።

ከቆዬ ፈጬ

ከሰጪው ወንበር ካሉ መልሱ ቀላል ነው፤ እጄን አላወጣም። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በቀናት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የነዳጅ ድጎማው ከዚያ ቀደም ብሎ ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በየደረጃው ሲነሣ ቆይቷል፤ ከኮንዶሚኒየሙ እስከ መሥሪያ ቤቴ በሁለት ታክሲና በአንድ አውቶቡስ የምመላለስ ሰው በመሆኔ ይህ ለእኔ የጋዜጣ ወሬ አይደለም። እንዲህ ባለ ዓመት የተወካዮች ምክር ቤት ተሰብስቦ ለቻድ ወይም ለየመን ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ይላክ ብሎ ቢያጸድቅ ዝም እላለሁን? አልልም። ለራሴ የማልፈቅደውን የሊድስ ወይም የኦሃዮ ግብር ከፋይ እንዲያደርግልኝ መጠየቅ አልችልም። ከራስ በላይ ነፋስ መባል ለግለሰብ ነውር ሊሆን ይችላል፤ ለመንግሥት ግን የሥራ መዘርዝሩ ነው።

ሌላም አለ። ገንዘብ ይተካካል። የውጭ ሰው የነርሷን ደመወዝ ሲከፍልልን፣ እኛ ለነርሷ ልንመድበው ይገባን የነበረው ብር ለሌላ ነገር ይለቀቃል። ያ ሌላ ነገር ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፣ ጥይት ሊሆን ይችላል፣ በየአስፋልቱ ዳር የተተከለ ዘንባባና የመንገድ መብራትም ሊሆን ይችላል። የ2018 በጀት ዓመት 1.93 ትሪሊዮን ብር በጸደቀበት አገር የመሠረታዊ ጤና ሠራተኛ ደመወዝ በባዕድ ግምጃ ቤት ላይ ተንጠልጥሎ መገኘቱ የሰጪውን ጭካኔ ከሚያሳይ ይልቅ የእኛን ምርጫ ያሳያል። የበጀት ዓመት መካከል ነው አይደለም የሚለው ክርክር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ቡራዩ ሊድስ

ቡራዩ ተወልጄ አድጌ አሁን ግብር የምከፍለው ሊድስ ነው፤ ስለዚህ የተባለው ወንበር የእኔ ነው። የቆዬ ፈጬው ወንድማችን የተናገሩት ስሜት እዚህ በየሥራ ቦታው የምሰማው ነው፣ አልንቀውም። የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 ከግዴታ ውጭ የሆነ ወጪ ሁሉ እንዲቆም የሚያዝዘውን ማስታወቂያ ካወጣ በኋላ የሆነውን አይተናል፤ የወጣቶች ማዕከልና ቤተ መጻሕፍት ሲቀነሱ የነዋሪው ግብር ግን ጨመረ። በዚያ ከተማ የሚኖር ሰው ለኢትዮጵያ ለምን ይከፈላል ቢል ክፉ ሰው አያሰኘውም።

ነገር ግን ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ስታርመር የቀነሱት በዓመት ወደ 6 ቢሊዮን ፓውንድ ይጠጋል። የብሪታንያ መንግሥት ጠቅላላ ዓመታዊ ወጪ ከ1.2 ትሪሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። ከጠቅላላው ግማሽ በመቶ መሆኑ ነው። ለበርሚንግሃም ቤተ መጻሕፍት ያልደረሰው ይህ ገንዘብ ስለጎደለ አይደለም፤ እርዳታው ተቀንሶም አልደረሰውም። ዴቪድ ካሜሮን ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ የአገር ውስጥ ወጪን ያለ ርኅራኄ ሲቆርጡ የውጭ እርዳታን ግን ጨምረው በ2013 የተባበሩት መንግሥታት በ1970 ያስቀመጠውን የ0.7 በመቶ ግብ አደረሱት፤ በ2021 ደግሞ ወረርሽኙ ባመጣው ዕዳ ሰበብ ወደ 0.5 ወረደ። በሁለቱም ጊዜ የሠፈሬን ሰው ኑሮ የወሰነው ሌላ ነገር ነበር። በአሜሪካም የውጭ እርዳታ ከፌዴራል በጀቱ 1 በመቶ አካባቢ ሆኖ ሳለ፣ ሕዝቡ በተደጋጋሚ ሲጠየቅ በአማካይ ሩብ ያህል ነው ብሎ ይገምታል። ሩብ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይቆረጥ ቢል እኔም አብሬው እላለሁ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እርዳታ ተብሎ ከተመዘገበው የብሪታንያ ገንዘብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022ም በ2023ም ከሩብ በላይ የሆነው ከብሪታንያ ምድር አልወጣም፤ ጥገኝነት ጠያቂዎች ለሚያርፉባቸው ሆቴሎችና ለመሰል ወጪ ነው የዋለው። ዓለም አቀፉ የእርዳታ አቆጣጠር ደንብ ለመጀመሪያው ዓመት ይህንን ይፈቅዳል። ስለዚህ ለአፍሪካ ይላካል እየተባለ ጋዜጣ ላይ የሚጮኽበት ገንዘብ አንድ ክፍል የሚከፈለው ለእንግሊዛዊ የሆቴል ባለቤት ነው።

ጋዜጣ ካነሣሁ አይቀር «የኛ» የተባለውን የሴቶች ቡድንና የራዲዮ ድራማ አስታውሱ። አንድ የለንደን ጋዜጣ የግብር ከፋይ ገንዘብ ለዘፋኞች ይባክናል እያለ ዘመቻ ከከፈተበት በኋላ እ.ኤ.አ. ጥር 2017 የብሪታንያ መንግሥት ድጋፉን አቋረጠ። ሥራው ጠቃሚ ይሁን አይሁን የተመዘነበት ቦታ አዲስ አበባ አልነበረም፤ እዚያ አገር ምን አርዕስት ይወጣበታል በሚለው ነው የተወሰነው። በቁጠባ ዘመን የሚቆረጠው ነገር የሚመረጠው በዚህ መንገድ ነው፣ ደካማው ሥራ ሳይሆን ለመሳለቅ የሚመቸው ቀድሞ ይወድቃል።

ነርስ ዘለገጣፎ

ለገጣፎ አካባቢ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። በጀቱን እናንተ ትችሉታላችሁ፤ እኔ የተቆረጠው ነገር በትክክል ምን እንደሆነ ልናገር፤ ምክንያቱም በቴሌቪዥን የተወራው ሌላ ነው።

እገዳው በታወጀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ዘርፍ ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ አሳወቀ። ሰው ሁሉ የፈራው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እንዳይቋረጥ ነበር፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ሲሰጥ የቆየ መድኃኒት ነውና። በእኛ ክፍል መድኃኒቱ አልጠፋም። የጠፋው ቀጠሮ ያሳለፈን ታካሚ የሚፈልግ ሰው ነው። አንዲት ባልደረባችን ነበረች፤ ከሰዓት በኋላ የቀጠሮ መዝገቡን ትገልጥና ያልመጡትን በቀይ እስክሪብቶ ታሰምርባቸዋለች፣ ከዚያ በራሷ ስልክ ትደውላለች። ስልኩን የሚያነሣው ባል ወይም አማት ሊሆን ስለሚችል ራሷን እንደ ልብስ ሰፊ ታስተዋውቅ ነበር፤ «የሰጠሽኝ ቀሚስ ደርሷል፣ ነገ መጥተሽ ውሰጂ» ትላለች። ታካሚዋ ይገባታል። እያንዳንዷ ታካሚ የቀሚሷን ቀለም ሳይቀር ከእርሷ ጋር ተስማምታበታለች። ይህ ሥራ በየትኛውም የሥራ መደብ መዘርዝር ላይ አልተጻፈም፣ በአንድ ሌሊት ለሌላ ሰው የሚተላለፍም አይደለም።

መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛ ደረጃ መድኃኒት መሸጋገር ግድ ይሆናል፣ እርሱም ከመጀመሪያው የበለጠ ውድ ነው። እንደ ቁጠባ ካያችሁትም የተቆጠበ ነገር አልታየኝም። ሰጪው የመቁረጥ መብት አለው ወይ ለሚለው መልስ የለኝም። በሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ግን ያቺን ሴት የሚተካ ሰው ማሠልጠን አይቻልም፤ አያት ጨፌ ያሉት በጀት ውስጥ ብቻ ሳይሆን እዚህም እውነት ነው።

የገላኑ ንብረት ክፍል

በእህል መጋዘን ብዙ ዓመት ስለሠራሁ የምግብ እርዳታውን ገንዘብ መንገድ ልጨምር። የአሜሪካ የምግብ እርዳታ ሕግ መነሻው እ.ኤ.አ. 1954 ነው፤ የራሳቸው ገበሬ የተረፈው እህል ስለነበር ነው የወጣው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እህሉ ባብዛኛው ከአሜሪካ ገበሬ እንዲገዛ፣ ቢያንስ ግማሹም የአሜሪካን ባንዲራ በሚያውለበልብ መርከብ እንዲጫን ግድ ነበር። ጅቡቲ ደርሶ፣ በከባድ መኪና ወደ አዳማና ኮምቦልቻ ተጓጉዞ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ተረጂ በወር 15 ኪሎ ስንዴ ሲሰፈርለት ከወጣው ዶላር ምን ያህሉ ወደ ካንሳስ ገበሬና ወደ መርከቡ ባለቤት እንደ ተመለሰ ማንም አይነግረውም። ስለዚህ እርዳታው ሲቆም በአገራቸውም ውስጥ ገበያ ያጡ ሰዎች ነበሩ። ለሌላው ሰጥተን እኛ ተራብን የሚለው አባባል በስንዴ ላይ አይሠራም።

የእኛንም ጉድ ልደብቅ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 ዩኤስኤአይዲና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ ለወራት ያቆሙት ቁጠባ አስገድዷቸው አልነበረም፤ እህሉ ወደ ዱቄት ፋብሪካና ወደ ገበያ በሰፊው እየሄደ መሆኑን ስላረጋገጡ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ ያደገ ሹም ባለበት አገር፣ የሰጪው እንደራሴ ለመቃወም ምክንያት ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። እኔ በመጋዘን ውስጥ ያየሁት ግን ቁጥጥሩ የሚላላው የመጨረሻው ማከፋፈያ ላይ ነው፤ ከወደብ እስከ መጋዘን ጆንያው ሁሉ በመጫኛ ሰነድ ይቆጠራል፣ የተቀደደው ተለይቶ ይመዘናል፣ የጎደለው ከአጓጓዡ ሂሳብ ይቀነሳል። ቀበሌ ሲደርስ የሚቀረው የስም ዝርዝርና አውራ ጣት ነው። እዚያ ላይ ቁጥጥሩን ማጥበቅ ይቻል ነበር፤ ሰጪዎቹም በኋላ እህሉን እንደገና የለቀቁት የተረጂ ምዝገባውንና ክትትሉን ከቀየሩ በኋላ ነው።

ያ የእርዳታ ዘይት ይመጣበት የነበረው ቆርቆሮ እዚህ ገላን በየበረንዳው ጤና አዳምና በሶብላ ተተክሎበት ታገኙታላችሁ። ጽሑፉ አሁንም ይነበባል።

የሰበታ መምህር

ከቆዬ ፈጬ የጻፉት ወንድሜ ሆይ፤ «ለራሴ የማልፈቅደውን» ያሉት ላይ ልሞግትዎ። ይህች አገር ሲቸግራት ሰጥታ ታውቃለች። በ1978 ዓ.ም. መስከረም የሜክሲኮ ከተማ በርዕደ መሬት ስትመታ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል 5,000 ዶላር ልኳል። የ1977ቱ ረሃብ በወሎና በትግራይ ገና አላለፈም ነበር። ምክንያቱን የሜክሲኮ አደባባይ ይነግርዎታል፤ ጣሊያን አገራችንን ስትወር ሜክሲኮ ወረራውን ያወገዘች፣ መጠቅለሉንም ያልተቀበለች አገር ነበረች። ዛሬም ከ1 ሚሊዮን በላይ ስደተኞች ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን መጥተው በእኛ መሬት ተጠልለዋል። የሚበሉትን ባብዛኛው ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ቢሸፍኑም መሬቱ፣ ውሃው፣ የማገዶ እንጨቱ የጋምቤላና የሶማሌ ክልል ነው። ለዚህ የተመደበ የእርዳታ በጀት ብለን አልጠራነውም እንጂ እየሰጠን ነው።

ነገሩ የዕድር ዓይነት ነው። ሥራ ያጣ አባል የዕድር መዋጮውን ትቶ ለቤቱ ዱቄት ቢገዛ ማንም አይፈርድበትም፤ ግን ቀድሞ ለዳኛው ይነግራል፣ ዕዳው ይመዘገብለታል፣ አቅም ሲያገኝ ይከፍላል። ለቀብር ድንኳን በተተከለበት ጠዋት ምሰሶውን ነቅሎ የሄደ አባል ግን በየትኛውም ሠፈር የለም።

ከቆዬ ፈጬ

መምህር፣ የዕድሩ ምሳሌ አንድ ነገር ይጎድለዋል። የዕድር አባል የሚያዋጣው ነገ በእርሱም ቤት እንደሚደርስ ስለሚያውቅ ነው። የኦሃዮ ሰው እኛ ነገ እንደምንደርስለት የሚያምንበት ምን ምክንያት አለው? ቀይ መስቀልም መንግሥት አይደለም፤ 5,000 ዶላሩ ክብር እንጂ በጀት አይደለም። ስደተኞቹን በተመለከተ ግን ያሉት ትክክል ነው፣ ጎረቤት ነንና ምርጫም የለንም።

የሰበታ መምህር

ምክንያቱ ኮሪያ ናት። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ሲዘምትላት በጦርነት የወደመች ድሃ አገር ነበረች፤ ከዚያም ለረጅም ዓመታት በእርዳታ ኖረች። እ.ኤ.አ. በ2010 የሰጪ አገሮች ኮሚቴ አባል ሆነች፤ ዛሬ ለእኛም ትሰጣለች። ይህ እስኪሆን ግማሽ ምእተ ዓመት ፈጅቷል። በአንድ የምርጫ ዘመን የሚታይ አለመሆኑን እቀበላለሁ፤ ችግሩም ይኸው ነው፣ በጀት የሚያጸድቀው ሰው የሚኖረው በምርጫ ዘመን ነው።

ጀሞ ሦስት

ተማሪ ነኝ፤ አጭር ጥያቄ አለኝ። የሰጪው አገር ሕዝብ በየዓመቱ ሐሳቡን እንዳይለውጥ በሕግ ማሰር አይቻልም ነበርን?

ቡራዩ ሊድስ

ተሞክሯል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2015 የ0.7 በመቶውን ግብ በሕግ አወጀች። ሕጉ ግን ግቡን የሳተ ሚኒስትር ለምን እንደሳተ ለምክር ቤቱ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ከማዘዝ አያልፍም፤ ፍርድ ቤትም አያስከስሰውም። በ2021 የሆነውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱ ተጻፈ፣ ገንዘቡ ቀነሰ። የ2025ቱን ቅነሳ ተቃውመው የልማት ሚኒስትሯ አኔሊዝ ዶድስ ከሥልጣን ለቀቁ፤ ቅነሳው ግን በቦታው ነው። ስፔን በበኩሏ በገንዘብ ቀውሷ ጊዜ፣ በ2012፣ እርዳታዋን በአንድ ዓመት በግማሽ ገደማ ቀንሳዋለች፤ ያኔም የከለከላት ሕግ አልነበረም።

አያት ጨፌ

ሕግ ካላሰራቸው እኛ ራሳችንን ከድንገተኛው መጠበቅ ነበረብን። እዚህ ላይ የቆዬ ፈጬውን ሰው ሐሳብ ከጠበቁት በላይ ልደግፍላቸው ነው።

የእኛን የበጀት ሰነድ ገልጦ ያየ ሰው ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የገንዘብ ምንጩ በዓምድ ተለይቶ ያገኘዋል፤ የመንግሥት ግምጃ ቤት፣ የውስጥ ገቢ፣ እርዳታ፣ ብድር። የውጭ ገንዘብ ደግሞ የሚገባው በሦስት ቻናል ነው። ቻናል አንድ በገንዘብ ሚኒስቴር አድርጎ ወደ ክልልና ወረዳ ይወርዳል፣ ቻናል ሁለት በቀጥታ ለዘርፉ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፣ ቻናል ሦስት ግን ሰጪው ራሱ ወይም ድርጅቶቹ የሚያወጡት ስለሆነ በሰነዱ ላይ አይታይም። የአሜሪካ ገንዘብ ባብዛኛው የሄደው በዚህ በሦስተኛው ነው። የዓለም ባንክና የአውሮፓውያኑ ድጋፍ አንድ ትልቅ ክፍል ግን በአንደኛው ሲመጣ ኖሯል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ሰጪዎች ቀጥታ የበጀት ድጋፋቸውን ሲያቋርጡ እንኳ በዓመቱ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም የሚባል መንገድ ተቀይሶ የመምህሩና የጤና ሠራተኛው ደመወዝ ወደ ወረዳ መውረዱን ቀጠለ። ለዚህ ያበቃው ገንዘቡ በሰነድ ላይ የሚታይ መሆኑ ነው፤ የሚጎድለውን ያህል አስቀድሞ ያወቀ ሰው መደራደር ይችላል። በ2017 ግን የወረዳው በጀት ባለሙያ የነርሷ ባልደረባ ደመወዟን ከማን እንደምታገኝ እንኳ በወረቀት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ልብስ ሰፊዋ በየትኛውም ዓምድ ላይ የለችም።

ለሰጪው ምክር ቤት ብናገር የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። መቀነስ ካለባችሁ ቅነሳው ከተቀባዩ ቀጣይ በጀት ዓመት ይጀምር፤ ደመወዝ የምትከፍሉ ከሆነም በቻናል አንድ ክፈሉ። መጠኑን እናንተ ወስኑ።

ከቆዬ ፈጬ

ቻናል አንድን ሰጪዎቹ የሸሹት ያለ ምክንያት አይደለም። የገላኑ ወንድማችን ስለ እህሉ የነገሩንን ገንዘብም ላይ ፈርተውት ነው፤ ለመቆጣጠር የራሳቸውን መንገድ ዘረጉ፣ መንገዱ የራሳቸው ስለሆነም ሲፈልጉ ዘጉት። ማስታወቂያውስ ቢደርሰን? እርዳታ አንድ ቀን እንደሚያበቃ ሃያ ዓመት ሙሉ ስናውቅ ኖረን ያዘጋጀነው ምን ነበር? ምክር ቤቱ የአደጋ ስጋት ምላሽ ፈንድን በአዋጅ ያቋቋመውና ከሠራተኛ ደመወዝና ከድርጅቶች መዋጮ እንዲሰበሰብለት የወሰነው ውሃው ጉሮሯችን ከደረሰ በኋላ በ2017 ነው። ከደመወዜ ቢቆረጥ ቅር አይለኝም፤ ቅር የሚለኝ ይህ በ1997 ሴፍቲኔት ሲጀመር አብሮ አለመጀመሩ ነው። ያኔ በዓመት ትንሽ ትንሽ ቢጠራቀም ኖሮ ዛሬ የሊድስን ሰው ደግነት አንከራከርበትም ነበር።

ነርስ ዘለገጣፎ

ከሐምሌ ወዲህ ጤና ጣቢያችን አንድ የሥራ መደብ ተፈቅዶለታል፤ መደቡ ግን የጤና መረጃ ባለሙያ ነው። ኮምፒውተሩን የሚሞላ ሰው አገኘን። የሚደውለው አሁንም ተራ የደረሰው ነርስ ነው፤ እኔ ስደውል የቀሚሱን ነገር ስለማልችልበት «ከጓደኛሽ ነው» እላለሁ፣ አንዳንዶቹ ይዘጉብኛል።

አያት ጨፌ

ለቆዬ ፈጬው ሰው፦ አላዘጋጀንም ያሉት ከሞላ ጎደል እውነት ነው፤ አንድ ትልቅ ነገር ግን ያስቀራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሲቀጠሩ፣ ቁጥራቸውም ከ30,000 ሲያልፍ፣ ሥልጠናውንና ቁሳቁሱን ሰጪዎች ብዙ ደግፈውታል፤ ደመወዛቸው ግን ከመጀመሪያው በመንግሥት መደብ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። በጊዜው ይህ ግትርነት ነው፣ ሰጪው ሊከፍል እየቻለ ለምን ወረዳውን እናጨናንቃለን ያለ ሰው በመሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሞልቶ ነበር። የውል ማቋረጡ ደብዳቤ ሲመጣ ለእነርሱ የተጻፈ አልነበረም።

ከቆዬ ፈጬ

እርሱን አልክድም። በለንደኑ ወንበር ላይ ያለኝ ድምፅ ግን አልተለወጠም፤ ከሚቀጥለው ሐምሌ ጀምሮ የሚለውን ብቻ እጨምርበታለሁ።